የተጎዳ የሸራ ጀልባ መሪን መጠገን፦ ከምርመራ እስከ ሙከራ ጉዞ

የጀልባ መሪ (ከኋላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጀልባውን አቅጣጫ የሚያስይዘው ሰሌዳ) የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ድንገተኛ ነው፤ ጀልባው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሲያልፍ የመሪው ጫፍ ድንጋይ ይመታና ይሸረፋል ወይም ይሰበራል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። ውኃ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል፤ ውስጡን ያረጥባል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ብረቱን ይበላል። ከዚያ አንድ ቀን ነፋሱ በርታ ሲል መሪው ይላቀቅና ጥፋቱ ሁሉ በነፋሱ ይሳበባል። ይህ መመሪያ ከስብራቱ ይልቅ ውኃው የገባበትን ቦታ አብዝቶ የሚያሳድደው ለዚህ ነው። ያ ቦታ ሳይደፈን ላይ ላዩን ማሳመር ትርፉ ድካም ነው።

መሪ ትንሽ ስለሆነ የሚሸከመውም ትንሽ ይመስላል። አይደለም። ስፋቱ ሩብ ካሬ ሜትር የሆነ መሪ፣ ጀልባው በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ በኃይል ቢታጠፍ፣ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት እንደተጫነበት ያህል ሊገፋ ይችላል። ግፊቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ቀድሞ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በለስላሳ ነፋስ ምንም ያልሆነ ጥገና ማዕበል ባለበት ቀን የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

መሪዎ ከየትኛው ዓይነት ነው?

በትናንሽ የሸራ ጀልባዎች ላይ ሦስት ዓይነት መሪ ይበዛል። የመጀመሪያው ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ እንደ በር በማጠፊያ የሚንጠለጠለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨት ወይም ከኮምፔንሳቶ ተሠርቶ በፋይበርግላስ ይለበጣል። ሁለተኛው የብረት ዘንጉ የጀልባውን ሆድ አልፎ ወደ ላይ የሚወጣው ነው። ይህኛው ሁለት የፋይበርግላስ ግማሾች ተጣብቀው፣ መሃላቸው በፎም ተሞልቶ የተሠራ ነው፤ በውስጡ ከዘንጉ ጋር የተበየዱ የብረት ክንፎች ተዘርግተው ሰሌዳውን ይይዙታል። ሦስተኛው መሬት ሲነካ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነሳው ተነሺ መሪ ነው፤ ሰሌዳው በሁለት ጉንጮች መካከል በአንድ ወፍራም ቡሎን ላይ ይሽከረከራል።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ከውጭ ሲያዩት እንከን የሌለበት መስሎ ውስጡ ገንፎ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ሰፋ ያለውን ቦታ የወሰደው እሱ ነው።

መሪውን ማውጣት

ከመፍታትዎ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ። ራንዴላዎቹና ቡሺንጎቹ (ዘንጉ ወይም ፒኑ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ያኔ ግልጽ ይመስላል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን አይታወስም። የሚንጠለጠለው መሪ ማቆያ ቁልፉ ወይም ፒኑ ከተነሳ በኋላ ወደ ላይ ሲገፋ ይወጣል። ዘንጉ በጀልባው ውስጥ የሚያልፈው ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ በእጀታው ማያዣ ወይም በቀለበት ተንጠልጥሎ ነው የሚቆየው፤ ያ ሲፈታ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ ያስቀምጡ፣ አንድ ሰውም ይያዝልዎት። ዘንጉ ረጅም ከሆነና ጀልባው መሬት ላይ ካረፈ፣ ጀልባውን ከፍ ማድረግ ወይም ከመሪው ሥር ጉድጓድ መቆፈር ግድ ይሆናል።

ጀልባው ውኃ ላይ እያለ ለማውጣት ከተገደዱ ከሁሉ በፊት መሪውን በገመድ ጠፍረው ከጀልባው ጋር ያያይዙት። አንዳንዱ መሪ እንደተፈታ ተስፈንጥሮ ይንሳፈፋል፤ ውኃ የጠጣው ደግሞ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። የትኛው እንደሆነ ያወቁት ከፈቱት በኋላ ከሆነ ዘግይተዋል።

ምርመራው

መሪውን በንጹሕ ውኃ አጥበው ያድርቁትና ለስላሳ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት። በሳንቲም ወይም በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁለት ሁለት ጣት እየራቁ መታ መታ ያድርጉት። ደኅናው ቦታ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ልባሱ ከፎሙ የተላቀቀበት ወይም ውኃ የቋጠረው ቦታ ደግሞ የታፈነ፣ ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። ነጥቦቹን በመስመር ሲያገናኙ የጉዳቱ ካርታ ሰሌዳው ላይ ተሥሎ ያገኙታል፤ ብዙውን ጊዜ ካርታው ከዘንጉ መግቢያ ተነስቶ ወደ ታች የሚሰፋ ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ መሪውን ይመዝኑና ክብደቱን እዚያው ሰሌዳው ላይ በእርሳስ ይጻፉት። ይህ ቁጥር በኋላ በጣም ያስፈልጋል።

ከታችኛው ጫፍ አጠገብ አምስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በትራፓኖ ይብሱና ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን አድርገው ያቁሙት። ምንም ካልፈሰሰ መልካም። ንጹሕ ውኃ ከፈሰሰ ብረቱ ገና ብዙ አልተጎዳ ይሆናል። ቡናማ ውኃ ግን ከዘንጉ ወይም ከክንፎቹ ዝገት የመጣ ነው፤ መሪው ሳይከፈት ሊታለፍ አይገባም። ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ደግሞ ውኃው ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የፋይበርግላሱን ሬዚን፣ ማለትም የመስታወት ክሮቹን አያይዞ የያዘውን ማጣበቂያ፣ መብላት ጀምሯል ማለት ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ ዋናው ነው። ሰሌዳውን በሁለት ጣውላዎች መካከል አድርገው በሞርሳ ያጥብቁት፤ ከዚያ እጀታውን ዘንጉ ላይ አስገብተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በኃይል ያዙሩት። ሰሌዳው ሳይነቃነቅ ዘንጉ በጥቂቱ እንኳ ከዞረ፣ ወይም ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ የክንፎቹ ብየዳ ተላቅቋል ወይም ክንፎቹ የያዙት ነገር ተፈርፍሯል። እንዲህ ያለ መሪ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር በእሱ መጓዝ አይቻልም፤ ሲለቅ እጀታው በእጅዎ ላይ በነፃ እየዞረ ጀልባው ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

ዘንጉ ራሱ መጣመሙን ለማወቅ ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ክር አጠገቡ ይዘርጉ። የተጣመመ ዘንግ አቃንቶ መመለስን አልመክርም። ተጣሞ የቃና ብረት በዚያው ቦታ ጠንክሮና ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል፤ ስንጥቁም ለዓይን ላይታይ ይችላል። አዲስ ዘንግ ማስቆረጥ ይሻላል።

ምንም ከመቁረጥዎ በፊት ቅርጹን ይቅዱ

ሰሌዳውን ካርቶን ላይ አጋድመው ዙሪያውን ይሣሉ፤ የዘንጉንም አቅጣጫ በላዩ ላይ ያመልክቱ። ከዚያ በሦስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ የሰሌዳውን ውፍረት አቅፎ የሚቀመጥ ልክ ከወፍራም ካርቶን ይቁረጡ። አንዱ ጎን ተበላሽቶ ከሆነ ደኅናውን ጎን ቀድተው ይገልብጡት፤ መሪ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህ ካርቶን በኋላ የሚቆጥበው ሥራ ብዙ ነው፤ ልክ ሳይያዝ የተሞረደ መሪ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ኢፖክሲ ወይስ ፖሊስተር?

አብዛኞቹ የፋይበርግላስ ጀልባዎች በፖሊስተር ሬዚን ቢሠሩም ለጥገናው የምመርጠው ሌላውን ሬዚን፣ ኢፖክሲን፣ ነው። ፖሊስተር ገና በሚደርቅ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይያያዛል፤ ከዓመታት በፊት በደረቀ ላይ ሲሆን ግን አያያዙ ደካማ ነው። በእንጨትና በብረት ላይም ኢፖክሲ በግልጽ ይበልጣል። ሌላም ምክንያት አለ፦ በፖሊስተር ውስጥ ያለው ስታይሪን ነጩን የማሸጊያ ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪንን፣ ዓይንዎ እያየ ያቀልጠዋል።

ኢፖክሲን ከመረጡ ጨርቁንም አብረው ይምረጡ። ክሮቹ ተበትነው በማጣበቂያ የተያዙት ምንጣፍ መሰል የመስታወት ክር በአብዛኛው የተሠራው ለፖሊስተር ነው፤ ማጣበቂያው በስታይሪን እንጂ በኢፖክሲ አይሟሟም፤ ስለዚህ ጨርቁ ድርቅ ብሎ ቅርጹን አልከተልም ይላል። የተሸመነ ወይም ክሮቹ በ45 ዲግሪ ተደራርበው የተሰፉ ጨርቅ ይውሰዱ።

በፖሊስተር የለመደ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በፖሊስተር ማጠንከሪያውን በትንሹ በመጨመር ወይም በመቀነስ ሥራውን ማፍጠን ወይም ማዘግየት ይቻላል። በኢፖክሲ ግን ማጠንከሪያው የሬዚኑ ግማሽ አካል እንደማለት ነው፤ ልኩ ከተዛባ ለዘለዓለም የሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር ሆኖ ይቀራል። አምራቹ የጻፈውን ልክ በትክክል ይከተሉ፤ ልኩ በክብደት ነው ወይስ በመጠን የሚለውንም አስተውለው ያንብቡ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከተቀላቀለ በኋላ ጥልቅ ጽዋ ውስጥ አይተዉት። ብዙ ኢፖክሲ በአንድ ቦታ ሲጠራቀም በራሱ ሙቀት እየተቃጠለ ይጨሳል፤ ሰፊና ዝርግ ሳህን ላይ ከዘረጉት ግን ጊዜ ይሰጥዎታል።

የናይትሪል ጓንት ከእጅዎ አይለይ። ኢፖክሲ ቆዳን የሚያስቆጣው ቀስ በቀስ ነው፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ ደግሞ ተመልሶ መታገሥን አይማርም። እጅ ላይ ሲፈስ በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ እንጂ በአሴቶን አይጥረጉት፤ አሴቶን ወደ ቆዳው ይበልጥ ያስገባዋል። የፋይበርግላስ አቧራ ሲነሳ ደግሞ ጥቃቅን አቧራ የሚያጣራ ጭንብልና የዓይን መከላከያ ያድርጉ።

ፎም ያለበት መሪ

በመታ መታው ጊዜ ያገኙት ጉዳት ጥቂት ከሆነና ብረቱ ደኅና ከሆነ ሳይከፍቱ መጠገን ይቻላል። በተከበቡት ቦታዎች ላይ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ቀዳዳ ይብሱ፤ ልባሱን ብቻ አልፈው ፎሙን እንደነኩ ያቁሙ። ከዚያ ሞቅ ባለና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይስቀሉት። ማድረቁ የቀናት ሳይሆን የሳምንታት ሥራ ነው። ለማፍጠን ብሎ እሳት ማስጠጋት ወይም በሙቅ አየር መጥበስ አያዋጣም፤ ውስጡ የታሰረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ደኅናውንም ልባስ ይነቅለዋል። ከ50 ዲግሪ አያሳልፉት። መድረቁን የሚነግርዎት ሚዛኑ ነው፦ በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ሲደርቅ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የታጠፈ ምስማር አስገብተው ልባሱና ፎሙ የተለያዩበትን ቦታ በጥቂቱ ይጫሩ። በጥቂት የሲሊካ ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ በመርፌ ከታች ካለው ቀዳዳ ጀምረው ይግፉ፤ ከጎረቤት ቀዳዳ ብቅ ሲል ያንን በፕላስተር ይድፈኑና ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሞልተው ሲጨርሱ በፕላስቲክ ሸፍነው፣ በላዩ ጣውላ አስቀምጠው እኩል ክብደት ይጫኑበት።

ፎሙ ከረጠበና ከተፈረፈረ ግን መክፈት ይሻላል። የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ብዙ ጉዳት ባለበት ጎን ከዳርቻው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ትተው በቀጭን የግራይንደር ዲስክ ወይም በሚንቀጠቀጥ መጋዝ ልባሱን ብቻ ይቁረጡ። ብረቱን እንዳይነኩ ጥልቀቱን ይጠብቁ። የተቆረጠውን ገበታ በሰፊ መሮ ቀስ ብለው አላቀው ሳይሰብሩ ያስቀምጡት፤ ተመልሶ የሚገባው እሱ ራሱ ነው። እርጥቡን ፎም በሙሉ ጠርገው ያውጡ።

አሁን ብረቱ ፊት ለፊትዎ ነው። የማይዝግ ብረት የማይዝገው አየር ሲያገኝ ነው። ላዩን የሚጠብቀው ስስ ልባስ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እርጥበት ይዞ አየር በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ሲታፈን ይሸነፋል፣ በተለይ ጨው ባለበት ውኃ። ስለዚህ ዘንጉ ወደ ሰሌዳው የሚገባበትን ቦታና ብየዳዎቹን በማይዝግ ብረት ብሩሽ አጽድተው በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ጥቁር ነጥቦችን በወስፌ ጫፍ ይውጉ፤ ላይ ላዩን የቀለም ለውጥ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ ወስፌው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ግን ዘንጉ ይለወጥ። ብየዳው ብቻ ከተሰነጠቀ ከዘንጉ ዓይነት ጋር በሚስማማ የብየዳ ዘንግ፣ ሙያውን በሚያውቅ ሰው ይበየድ። ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን ፋይበርግላስ እንዳያቃጥል ከተቻለ ብረቱን ነቅሎ ማውጣት ነው።

ብረቱ ሲመለስ ክንፎቹ ዙሪያ ፎም አይሙሉ። በተከተፈ የመስታወት ክርና በሲሊካ በወፈረ ኢፖክሲ ሁለቱንም ልባሶች እንዲነካ አድርገው ይቅበሯቸው፤ የእጀታው ኃይል ወደ ሰሌዳው የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። የተረፈውን ባዶ ቦታ ውኃ በማይጠጣ የፒቪሲ ፎም ቁራጭ በቁራጭ እያጣበቁ ይሙሉ። በሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚነፋ የፖሊዩሬታን ፎምም ይሆናል፤ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይፍሰስ፤ በአንድ ጊዜ የተሞላ ሰሌዳ ሲነፋ ልባሱን ይወጥረዋል። ለበርና ለመስኮት ክፍተት የሚረጨውን ፎም ግን አይንኩት። ደካማ ነው፤ ውኃም ይጠጣል።

ፎሙን ከካርቶን ልኩ ጋር እያመሳከሩ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ። ገበታውን በደረቁ ገጥመው ይሞክሩ፤ ከዚያ ውስጡን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው በወፈረ ኢፖክሲ ይለጥፉት። ክብደት ከመጫንዎ በፊት ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች አግድመው በአንድ ዓይን ይመልከቱ። ጣውላዎቹ ትይዩ ካልሆኑ ሰሌዳው ተጠምዝዟል። አሁን በእጅ ይቃናል፤ ከደረቀ በኋላ ግን የለም።

የተቆረጠው መስመር ግን ገና አልጠነከረም። በሁለቱም ወገን በግራይንደር ስስ እያደረጉ ይሞርዱት፤ የስሱ ርዝመት የልባሱን ውፍረት 12 ጊዜ ያህል ይሁን። ልባሱ ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ በየወገኑ 36 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ብዙ መስሎ ይታያል፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ግን በስፋት ነው። ከዚያ ጨርቆቹን ሰፊውን አስቀድመው፣ እየጠበቡ ይደራርቡ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ጨርቅ ሦስት ሚሊ ሜትር ለመመለስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ንብርብር ይወስዳል፤ 600 ግራም ከሆነ ግማሹ ይበቃል። እያንዳንዱን ንብርብር ነጭ ነጥብ እስኪጠፋበት በሮለር ያጥግቡት። ኢፖክሲው ግን ተንሳፍፎ አይታይ፤ ጥንካሬው ያለው በክሩ ነው።

እንጨቱ መሪ

እዚህ ምርመራው በወስፌ ነው። ጠንካራ እንጨት ወስፌን ይመልሳል፤ የበሰበሰው እንደ ቅቤ ያስገባል። መጀመሪያ የሚበሰብሱት ሁለት ቦታዎች ናቸው፦ የታችኛው ጫፍና የቡሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ። የበሰበሰውን ሁሉ እስከ ደኅናው ቆርጠው ያውጡ። ብስባሹን በኢፖክሲ አጠጥቶ ማጠንከር የሚሉት ነገር ሸክም ለሌለው ቦታ ይሆን ይሆናል፤ ለመሪ አላምነውም።

አዲሱን ቁራጭ የሚጋጠሙትን ጫፎች በሰያፍ ስስ አድርገው ይግጠሙት። የእንጨቱ ስስ ከውፍረቱ ስምንት እጥፍ ይሁን፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 160 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሁለቱን ገጾች መጀመሪያ ምንም ባልተቀላቀለበት ቀጭን ኢፖክሲ ይቀቡና እንጨቱ የፈለገውን ያህል እንዲጠጣ ይተዉት፤ ቀጥሎ የወፈረውን ይጨምሩ። ይህ ካልተደረገ እንጨቱ ከማጣበቂያው ፈሳሹን መጥጦ መጋጠሚያውን ደረቅ ያደርገዋል። ሞርሳውንም አያብዙት፤ ጠርዝ ላይ ጥቂት ብቅ እስኪል ብቻ ያጥብቁ።

የቡሎን ቀዳዳዎች የተለየ ሕክምና ይገባቸዋል። ለስምንት ሚሊ ሜትር ቡሎን ቀዳዳውን ወደ 12 ያስፉት። ከታች በፕላስተር ዘግተው በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉት፤ ሲደርቅ መሃሉን በስምንት እንደገና ይብሱት። አሁን ቡሎኑ የሚያልፈው በእንጨት ውስጥ ሳይሆን በኢፖክሲ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውኃው እንጨቱን አያገኘውም። በመጨረሻ መላውን ሰሌዳ በ200 ግራም ጨርቅ ይልበጡት። የፊቱ ጠርዝ ላይ ጨርቁን በሰያፍ ይቁረጡት፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙን ታጥፎ ያልፋል፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ግን ይነሳል።

ጫፉ ብቻ ከተሸረፈ ብዙ አይጨነቁ፤ በእንጨት ወይም በፎም ሞልቶ መለበጥ ነው። ከሰሌዳው ሲሶ በላይ ከጠፋ ግን አዲስ ሰሌዳ መሥራት ከጥገናው ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ቅርጹን ማስተካከል

ኢፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ሊያወጣ ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት ከማሸትዎ በፊት በውኃና በሻካራ ስፖንጅ ይጠቡት፤ ቅባቱ ሳይታጠብ ከተሻሸ ወደ ውስጥ ይገባና ቀለሙ አይይዝም።

ጎድጓዳውን በጥቃቅን የመስታወት ኳሶች በወፈረ ኢፖክሲ ስቱኮ ይሙሉ። የመኪና አካል ስቱኮ አይሆንም፤ በውኃ ውስጥ ሲቆይ እርጥበት ይመጥጣል። ካርቶን ልኩ ከጠፋ ወይም የቀድሞው ቅርጽ የማይታመን ከሆነ የአሜሪካው የበረራ ምርምር ተቋም ናካ በ1930ዎቹ ካጠናቸው ቅርጾች አንዱ፣ 0012 የሚባለው፣ ለመሪ በሰፊው ይሠራበታል። ውፍረቱ ከስፋቱ 12 በመቶ ነው፤ ወፍራሙ ቦታም ከፊት ጠርዝ 30 በመቶ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 300 ሚሊ ሜትር ለሆነ መሪ ውፍረቱ 36፣ ቦታውም ከፊት በ90 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ይሆናል። የፊቱ ጠርዝ ክብ እንጂ ሹል አይሁን፤ ሹል ከሆነ መሪው በትንሹ ሲታጠፍ ውኃው ከገጹ ይለቃል። የኋላው ጠርዝ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዞ በጥርት ባለ ማዕዘን የተቆረጠ ይሁን።

ሰሌዳውን በሙሉ በእርሳስ ሞነጫጭረው ረጅም ጣውላ ላይ በተጠቀለለ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በሰያፍ ይሹት። እርሳሱ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ቀጥሎ በ120፣ ከዚያ በ220።

የዘንጉ መግቢያ

አሁን ወደ ዋናው በር መጣን። ዘንጉ ወደ ሰሌዳው የሚገባበት መስመር ላይ ብረትና ፋይበርግላስ ይገናኛሉ። በሙቀት የሚሰፉት እኩል አይደለም፤ መሪው በተጫነ ቁጥርም ዘንጉ በጥቂቱ ይታጠፋል። ስለዚህ እዚህ ደረቅ ኢፖክሲ ብቻውን ምንም ቢሆን ይሰነጠቃል። በዘንጉ ዙሪያ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋትና ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፍሩ። ብረቱን አሻክረው በአሴቶን ይጥረጉ፤ ከዚያ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ የፖሊዩሬታን ወይም የፖሊሰልፋይድ የጀልባ ማሸጊያ ይሙሉበት። የወጥ ቤት ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ሲያረጅ ይላቀቃል፣ በላዩም ቀለም አይይዝም። ይህ ማሸጊያ ዕድሜ አለው፤ ጀልባው በወጣ ቁጥር በጥፍርዎ ጫን እያደረጉ ይፈትሹት።

ከታች የበሱት ቀዳዳስ? በኢፖክሲ የሚደፍኑት አሉ። እኔ በኢፖክሲ ከለበጥኩት በኋላ በማሸጊያ የተቀባ ቡሎን ባስገባበት እመርጣለሁ፤ ጀልባው ሲወጣ ፈትቶ ውስጡን ማየት ይቻላል።

ማጠፊያዎቹ

ሰሌዳው ታድሶ ማጠፊያው ከላላ መሪው ሲንኳኳ ውሎ ያድራል። መሪውን ቦታው ላይ ሰቅለው የታችኛውን ጫፍ ይነቅንቁት፤ መላላቱ ጎልቶ ከታየ ቡሺንጎቹ አልቀዋል። አዲሶቹን ከአሴታል ፕላስቲክ ያሠሩ። ናይለን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጣም ተጠግቶ የተሠራ ከሆነም መሪውን ይይዘዋል። የላይኛውና የታችኛው ማጠፊያ በአንድ መስመር መሆናቸውን ረጅም ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱም ቀለበቶች አሳልፈው ያረጋግጡ። ቡሎኖቹ በኋላ ግድግዳው በኩል አልፈው ከውስጥ በሰፊ የብረት ገበታና በዳዶ ይጠበቁ፤ እንጨት ላይ ብቻ የተጠመዘዘ ብሎን ለዚህ ቦታ አይበቃም። የማቆያ ቁልፉንም አይርሱ፤ ጀልባው ሲገለበጥ ወይም መሪው መሬት ሲነካ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው።

ተነሺ መሪ ከሆነ የመሽከርከሪያውን ቡሎን በሁለቱም ወገን በሰፊ ራንዴላ ያጥብቁ፤ የሚያወርደውንም ገመድ ይፈትሹ። ሰሌዳው እስከ መጨረሻው ካልወረደ አብዛኛው ስፋቱ ከመዞሪያው ወደ ኋላ ይርቅና እጀታው በጣም ይከብዳል። ብዙ ሰው ይህን የመሪ ብልሽት አድርጎ ያየዋል፤ ችግሩ ግን የላላው ገመድ ነው።

ቀለም

ኢፖክሲ ፀሐይ አይወድም፤ ካልተሸፈነ ይነጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ለውኃ ውስጥ የተሠራ የኢፖክሲ ፕራይመር አምራቹ ባዘዘው ንብርብር ልክ ይቀቡ። መሪው ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ አልጌና ተጣባቂ የውኃ እንስሳትን የሚከላከለውን ቀለም ይጨምሩ፤ አሉሚኒየም ክፍል ካለ ግን መዳብ ያለበት ቀለም አይንካው፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ከጉዞ በኋላ ወጥቶ የሚቀመጥ መሪ ይህ አያስፈልገውም፤ ተራ የጀልባ ቀለም ይበቃዋል።

ሙከራው

ኢፖክሲ በእጅ ሲነካ ደረቅ ቢመስልም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከቀናት በኋላ ነው፤ በተለይ ብርድ ባለበት ቦታ አይቸኩሉ። ከዚያ በሞርሳ አጥብቀው እጀታውን የማዞሩን ፍተሻ ይድገሙት። አሁን ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም።

የመጀመሪያውን ጉዞ ነፋስ በረገበበት ቀን፣ ከዳርቻ ሳይርቁ ያድርጉት፤ መሪው ቢከዳ ጀልባውን የሚመሩበት ረጅም መቅዘፊያ ይያዙ። በቀስታ ይጀምሩና ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ እጅዎን እጀታው ላይ አሳርፈው ያዳምጡ። እጀታው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋዎት ከሆነ መጀመሪያ የሸራዎቹን አወጣጠር ያስተካክሉ፤ ካልተሻለ የሰሌዳውን ሁለት ጎኖች በካርቶን ልኩ እንደገና ያወዳድሩ። በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚያዜም ንዝረት ካለ መነሻው ብዙውን ጊዜ የኋላው ጠርዝ ነው፦ ክብ ሆኖ ቀርቷል ወይም በጣም ወፍራም ነው። መሪውን አውጥተው ያንን ጠርዝ በሞረድ ወደ ጥርት ያለ ማዕዘን ይመልሱት፤ በአንድ ጎን ጥቂት ሰያፍ ቢያደርጉት ዜማው የሚቆምበት ጊዜ አለ። የተሞረደውን ቦታ በዚያው ቀን በኢፖክሲና በቀለም ይሸፍኑት።